መልእክተኛ፣ ቴሌግራም ወይስ ኮድ? በሽቦው ዘመን የመንግሥት መልእክት በየት ይላክ?

የአንድ አገር የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ናችሁ እንበል። ዘመኑ ከ1850ዎቹ እስከ አንደኛው የዓለም ጦርነት ያለው ነው። (ዓመታቱ በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው፤ እየቀየርኩ አላደክማችሁም።) ባሕር ማዶ ላለው አምባሳደራችሁ አንድ ከባድ ነገር መንገር አለባችሁ። ሰው አስይዛችሁ መላክ ትችላላችሁ። በግልጽ ቋንቋ ቴሌግራም መምታት ትችላላችሁ። በኮድ መምታትም ይቻላል። ወደ መጨረሻው አካባቢ ደግሞ ራዲዮ ይጨመራል። የቱን ትመርጣላችሁ?

ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ ፍጥነት ነው፣ ቀጥሎ ስለ ዋጋ። በዚያን ጊዜ የነበሩት መንግሥታትም እንደዚያው ነበሩ፤ ብዙዎቹ ዋጋቸውን አግኝተዋል። እኔ ብሆን ግን ከሁሉም በፊት የምጠይቀው ሌላ ነው። ይህ መልእክት በመንገድ ላይ በማን እጅ ያልፋል? ቀጥሎ ደግሞ፣ እዚያ ያለው ሰውዬ ለማሰብ ጊዜ እንዲያገኝ እፈልጋለሁ ወይስ አልፈልግም?

በሰው እጅ

የድሮው መንገድ ነው። የታሸገ ቦርሳ፣ የታመነ ሰው፣ መርከብ። እንግሊዞች ለዚህ ሥራ ብቻ የተቀጠሩ የንግሥቲቱ መልእክተኞች ነበሯቸው፤ ምልክታቸው ከብር የተሠራ የሩጫ ውሻ ነው። ቦርሳውን መንገድ ላይ መክፈት ነውር ብቻ ሳይሆን በአገሮች መካከል ጠብ የሚያስነሳ ነገር ነበር። ረጅም ደብዳቤ፣ ካርታ፣ የውል ሰነድ፣ የኮድ መጽሐፍ ራሱ (የትኛው ቃል በየትኛው ቁጥር ወይም ፊደል እንደሚተካ የሚያሳየው)፣ ይህ ሁሉ በሽቦ አይሄድም። ስለዚህ ቴሌግራፍ መጣ ብሎ መልእክተኛውን ያባረረ መንግሥት አልነበረም።

ዘገምተኛነቱ ግን ሁልጊዜ ጉዳት ነው ብላችሁ አታስቡ። የ1861ዱን የ"ትሬንት" ጉዳይ ተመልከቱ። አሜሪካ በርስ በርስ ጦርነት ላይ ናት። ኖቬምበር 8 ቀን አንድ የሰሜኑ የጦር መርከብ የእንግሊዝን የፖስታ መርከብ "ትሬንት"ን ባሕር ላይ አስቁሞ ሜሰንና ስላይዴል የሚባሉ ሁለት የደቡብ መልእክተኞችን ይዞ ሄደ። ወሬው ለንደን የደረሰው ኖቬምበር 27 ነው። ከሦስት ዓመት በፊት አውሮፓንና አሜሪካን ለማገናኘት በባሕር ሥር ተዘርግቶ የነበረው የአትላንቲክ የቴሌግራፍ ገመድ ሞቷል፤ ያለው መርከብ ብቻ ነው። ለንደን በቁጣ ነደደች፣ ወደ ካናዳ ጦር መላክ ተጀመረ። ካቢኔው ያረቀቀው ደብዳቤ ጠንካራ ነበር። የንግሥቲቱ ባል ልዑል አልበርት ታሞ አልጋ ላይ እያለ ረቂቁን አየና አለሰለሰው፦ የመርከቡ አዛዥ ያለ መንግሥቱ ትእዛዝ አድርጎት ሊሆን ይችላል የሚል መውጫ አስገባበት። ሰውየው ሁለት ሳምንት ሳይሞላው ሞተ።

ደብዳቤው ዋሽንግተን ሲደርስ ደግሞ አምባሳደሩ ሎርድ ላየንስ ብልጥ ነገር ሠራ። የሰባት ቀን ቀነ ገደብ ነበረበትና መቁጠር የሚጀምረው ደብዳቤው በይፋ ከተሰጠ በኋላ ነው። ላየንስ መጀመሪያ ለውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ለስዋርድ በግል፣ በምስጢር እንዲያነበው ሰጠው። በይፋ ያስረከበው ዲሴምበር 23 ነው። በ26ኛው ቀን አሜሪካኖቹ ሰዎቹን ለመልቀቅ ወሰኑ። ሽቦው ሠርቶ በነጋታው የስድብ ቴሌግራም ቢለዋወጡ ኖሮ ነገሩ በዚህ መልክ የሚያልቅ አይመስለኝም። ተቆጥታችሁ የምትልኩት ነገር ካለ በመርከብ ላኩት።

የዚህ ተቃራኒ የሚመስለው የእኛው ታሪክ ነው። አፄ ቴዎድሮስ በኦክቶበር 1862 መጨረሻ ለንግሥት ቪክቶሪያ ደብዳቤ ጻፉ፣ በቆንስሉ በካሜሮን በኩል። በፌብሩዋሪ 1863 ለንደን ገብቷል። ከጎንደር አካባቢ ተነስቶ በዚያ ዘመን መንገድ አራት ወር እንኳ አልፈጀም፤ ደህና ነው። ችግሩ መልስ የሚጽፍ ጠፋ። ደብዳቤው ቢሮ ውስጥ ተኛ። ንጉሡ ጠበቁ፣ ተናቅሁ አሉ፣ በጃንዋሪ 1864 ካሜሮንን አሰሩ። መልሱን የያዘው የእንግሊዝ መልእክተኛ ራሳም ምፅዋ ላይ ከአንድ ዓመት በላይ ፈቃድ ሲጠብቅ ከርሞ ንጉሡ ፊት የቀረበው በጃንዋሪ 1866 ነው። መቅደላ የተከተለው ከዚህ ነው። ብዙ ጊዜ ይህ ታሪክ ሲነገር "መገናኛ ስላልነበረ" ይባላል። መገናኛማ ነበረ! ያልነበረው ጠረጴዛው ላይ የተቀመጠውን ወረቀት የሚያነሳ ሰው ነው። የትኛውንም መንገድ ብትመርጡ ይህን አያድንላችሁም።

(ከመቅደላ ጋር የተያያዘ አንድ ወሬ ልጨምር። የድሉን ዜና ለለንደን ቀድሞ ያደረሰው የእንግሊዝ ጦር ሳይሆን የኒውዮርክ ጋዜጣ ዘጋቢ የነበረው ስታንሊ ነው። ሲሄድ ስዊዝ ላይ ካለው የቴሌግራፍ ሠራተኛ ጋር ተስማምቶ ነበር። የእሱ ዜና ካለፈ በኋላ የአሌክሳንድሪያና የማልታ ገመድ ተበጠሰና የመንግሥቱ መልእክት ወደ ኋላ ቀረ።)

ግልጽ ቴሌግራም

የአትላንቲኩ የመጀመሪያ ገመድ በኦገስት 1858 ሥራ ሲጀምር ንግሥት ቪክቶሪያ ለፕሬዚዳንት ቡካናን የላከችው መቶ ቃል የማይሞላ ሰላምታ ለማለፍ 16 ሰዓት ያህል ፈጅቷል። ገመዱ ሦስት ሳምንት ገደማ ኖሮ ዝም አለ። ግን በዚያች አጭር ዕድሜው አንድ ነገር ሠራ። ሕንድ ውስጥ ለተነሳው አመፅ ከካናዳ በኩል ሊጓዙ የነበሩ ሁለት የእንግሊዝ ሬጅመንቶች ነበሩ። አመፁ ስለበረደ "አትምጡ" የሚል ቴሌግራም ተላከ። በዚህች አንዲት መልእክት መንግሥቱ 50 ሺህ ፓውንድ ወይም ከዚያ በላይ አዳነ ይባላል። እንዲህ ላለ ነገር ግልጽ ቴሌግራም የሚያህል የለም። አጭር፣ ማንም ቢያነበው የማይጎዳ፣ ከዘገየ ግን ገንዘብ የሚያስወጣ።

ሌላው ግልጽ ቴሌግራም የሚመረጥበት ጊዜ፣ እንዲነበብላችሁ ስትፈልጉ ነው። የፕሩሺያው ጠቅላይ ሚኒስትር ቢስማርክ በጁላይ 1870 ያደረገውን አስታውሱ። የፕሩሺያው ንጉሥ ከፈረንሳይ አምባሳደር ጋር ኤምስ በምትባል ከተማ ስላደረገው ንግግር ቴሌግራም ደረሰው፣ ማተምም ተፈቅዶለታል። እራት ላይ ተቀምጦ አሳጠረው። አዲስ ቃል ብዙም አልጨመረም፤ ሲቆርጠው ግን ትሁት የነበረው ንግግር በር እንደመዝጋት ሆነ። ለጋዜጣና በውጭ ላሉ ለጋሲዮኖች (ከኤምባሲ ዝቅ ላሉ የዲፕሎማት መሥሪያ ቤቶች) በተነው። በስድስት ቀን ውስጥ ፈረንሳይ ጦርነት አወጀች። የቴሌግራም ቋንቋ በተፈጥሮው ደረቅ ነው፣ እያንዳንዱ ቃል ስለሚያስከፍል ትህትናው መጀመሪያ ይቆረጣል። ይህን ለክፉ ለሚጠቀምበት ሰው ምቹ ነው።

በኮድ

አሁን ወደ ዋናው ገባን። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ስህተቱ የሚበዛው እዚህ ነው።

ሕጉ ለመንግሥታት ምቹ ነበር። በ1865 ፓሪስ ላይ የተፈረመው የቴሌግራፍ ስምምነትና በኋላ በ1875 ፒተርስበርግ ላይ የተሻሻለው ለመንግሥት ቴሌግራም ቅድሚያ ሰጡት፣ በምስጢር ጽሑፍ መላክም ፈቀዱለት። የግል ሰው ቴሌግራም ግን ለመንግሥት ደኅንነት ያሰጋል ከተባለ ሊቆም ይችላል። ስለዚህ ኮድ መጠቀም መብታችሁ ነው። ጥያቄው ምን ዓይነት ኮድ፣ በስንት ብር የሚለው ነው።

ስዋርድን እንደገና እንጥራው። በ1866 አዲሱ ገመድ በሰላም ተዘረጋ። በዚያው ዓመት ኖቬምበር 23 ስዋርድ ፓሪስ ላለው የአሜሪካ ልዑክ ለቢጌሎ ረጅም ቴሌግራም ላከ፤ ጉዳዩ የፈረንሳይ ጦር ከሜክሲኮ የሚወጣበት ጊዜ ነው። የተጠቀመው ከ1803 ጀምሮ የነበረ አሮጌ ኮድ ነው፤ በቁጥር የተሠራ፣ ለደብዳቤ የታሰበ። ቁጥሩ በገመዱ ላይ ሲሄድ የሚከፈልበት ቃል እንደ ታክሲ ቆጣሪ ይሮጣል። ሒሳቡ መጣ፦ 19,540 ዶላር ከ50 ሳንቲም። በ1866 ዶላር! ስዋርድ አልከፍልም አለ። ኩባንያው ከሰሰ፣ በ1871 ፍርድ ቤቱ ለኩባንያው ፈረደለት፤ የተፈረደው ከ32 ሺህ ዶላር በላይ ነበር።

ከዚያ የተከተለው ደግሞ የባሰ ነው። ሒሳቡ ያስደነገጠው መሥሪያ ቤት በ1867 ወጪ የሚቆጥብ አዲስ ኮድ አወጣ። ብዙ ጊዜ የሚመጡ ቃላት በአንድና በሁለት ፊደል ተተኩ። ወረቀት ላይ ያምራል። ሽቦ ላይ ግን ፊደላቱ እየተጣበቁና እየተለያዩ ይደርሱ ጀመር፤ የአንዱ ቃል ፊደል ከሌላው ጋር ይቀላቀላል። የራሳቸው አምባሳደሮች ማንበብ አቃታቸው። እስከ 1876 ድረስ ግን በዚሁ ቆዩ። እንግዲህ ከርካሽና ከሚነበብ አንዱን ምረጡ ከተባለ የሚነበበውን ምረጡ። ጠላት ያላነበበው ኮድ ጥሩ ነው፣ አምባሳደሩም ያላነበበው ግን ጥቅሙ ለማንም አይደለም።

ከገበያ የሚገዛ የንግድ ኮድስ? እነዚህ መጻሕፍት ለነጋዴ የታተሙ ናቸው፤ አንድ ቁጥር ወይም ቃል ለሙሉ ሐረግ ይቆማል፣ ገንዘብ ይቆጥባል። አንዳንድ ዲፕሎማቶች ላያቸው ላይ ትንሽ ማሻሻያ አድርገው እንደ ምስጢር ይጠቀሙባቸው ነበር። ይህን እንዳታደርጉ። የጣሊያን ወታደራዊ አታሼ ፓኒዛርዲ አድርጎታል። ኖቬምበር 2 ቀን 1894 ከፓሪስ ወደ ሮም ስለ ካፒቴን ድሬፉስ (በስለላ ስለተከሰሰው የፈረንሳይ መኮንን) የላከው ቴሌግራም የተሠራው ባራቬሊ በሚባል ከገበያ የሚገኝ ኮድ ላይ ነው፣ የገጽ ቁጥሩን ብቻ ቀያይሮ። የቴሌግራሙ ግልባጭ የፈረንሳይ ውጭ ጉዳይ ሰዎች እጅ ላይ ነበር፤ ሽቦው የእነሱ ነዋ። መጀመሪያ ሲፈቱት መጨረሻዋ ሐረግ በጥርጣሬ ነበር የተነበበችው፤ ድሬፉስን ጥፋተኛ የምታስመስል ሆነች። በኋላ በትክክል ሲፈታ ሐሳቡ ተቃራኒ ነበር፦ ሰውየው ከእናንተ ጋር ግንኙነት ከሌለው ጋዜጦች እንዳያወሩ አምባሳደሩ በይፋ ያስተባብል።

ማረጋገጫውን ያገኙበት መንገድ ደስ ይላል። ይዘቱን እነሱ የሚያውቁትን ወሬ በተዘዋዋሪ ፓኒዛርዲ ጆሮ እንዲገባ አደረጉ። እሱም አምኖ በዚያው ኮድ ወደ ሮም መታው። የሚያውቁትን ጽሑፍ ከኮዱ ጎን አስቀምጠው ፍቺያቸው ልክ መሆኑን አዩ። ስለዚህ ኮድ ስትመርጡ ጠላት ኮዱን ብቻ አያይም፣ የምትልኩትን ነገርም ሊያቀብላችሁ ይችላል።

ሽቦው የማን ነው?

ከላይ ሁሉንም በልጦ የሚያስጨንቀኝ ጉዳይ ይህ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ከዓለም የባሕር ገመድ ሁለት ሦስተኛው ያህል በእንግሊዝ እጅ ነበር። ከአውሮፓ ወደ ሕንድ፣ ወደ ምሥራቅ፣ ወደ አፍሪካ የምትልኩት ነገር አብዛኛውን ጊዜ በእንግሊዝ ጣቢያ፣ በእንግሊዝ ሠራተኛ እጅ ያልፋል። በሰላም ቀን ይህ ምንም አይመስልም።

በ1898 ፈረንሳይ ቀመሰችው። የፈረንሳዩ መኮንን ማርሻን ጥቂት ሰው ይዞ አፍሪካን አቋርጦ ጁላይ ላይ ሱዳን ውስጥ ናይል ዳር ያለችው ፋሾዳ ደረሰ። ሴፕቴምበር 19 የእንግሊዙ ጄኔራል ኪችነር በጀልባና በጦር መጣበት። ኪችነር ሪፖርቱን ወደ ሰሜን ልኮ በካይሮ በኩል ለለንደን ማሳወቅ ይችላል። ማርሻን ምንም የለውም። የፓሪሱ ሚኒስትር ዴልካሴ ከገዛ መኮንኑ ጋር ለመገናኘት እንግሊዞችን መለመን ነበረበት፤ የማርሻን ሰው ባራቲዬም በካይሮ በኩል ፓሪስ ድረስ መጓዝ ግድ ሆነበት። ስለ አንድ ጠብ ስትከራከሩ የእናንተ መልእክተኛ ባላጋራችሁ ነው! ማርሻን ዲሴምበር ላይ ፋሾዳን ለቆ በኢትዮጵያ በኩል በጅቡቲ ወጣ። በማግስቱ ዓመት ደቡብ አፍሪካ ውስጥ የቦር ጦርነት ሲጀመር ደግሞ እንግሊዝ በኤደን የሚያልፉትን ቴሌግራሞች ሳንሱር ማድረግ ጀመረችና ፈረንሳዮችና ጀርመኖች በጣም ጮኹ። ከዚያ በኋላ ሁለቱም የራሳቸውን ገመድ ለመዘርጋት ተጣደፉ። እንግሊዝም አልተኛችም፤ በ1902 የፓስፊኩን ገመድ ስትጨርስ የራሷን ግዛት ብቻ እየረገጠ ዓለምን የሚዞር መስመር ኖራት።

ይህ ነገር ለእኛ አዲስ አይደለም። የውጫሌ ውል 17ኛ አንቀጽ ስለ ምን ነበር? ከአውሮፓ ነገሥታት ጋር በማን በኩል ይላላኩ የሚል ነው እኮ! አፄ ምኒልክ ስለ ዘውዳቸው ለነገሥታቱ ሲጽፉ እንግሊዝና ጀርመን በ1890 የሰጧቸው መልስ ወደፊት ነገሩ በጣሊያን በኩል ይሁን የሚል ነበር። ንጉሡም በ1891 ለነገሥታቱ ራሳቸው በቀጥታ ደብዳቤ በተኑ። የመላላኪያውን መንገድ ለሌላ መስጠት ምን እንደሆነ ገብቷቸዋል። ሽቦ አዲስ አበባ ከገባ በኋላም የመውጫው ጉዳይ አልቀረም፤ አንደኛው መስመር በሐረር አድርጎ ወደ ፈረንሳዮቹ ጅቡቲ፣ ሌላው ጣሊያኖች የዘረጉት ወደ አሥመራ። የቱ በኩል ብትልኩ መጨረሻ ላይ ማን ያየዋል የሚለውን አስቡት።

ከሁሉም የከፋው ግን ጀርመን ላይ የደረሰው ነው። በኦገስት 5 ቀን 1914፣ ጦርነት በታወጀ በሰዓታት ውስጥ፣ "አለርት" የተባለች የእንግሊዝ መርከብ የጀርመንን ገመዶች ከባሕር አውጥታ ቆረጠች። ከዚያ በኋላ በርሊን በሰው ሽቦ ለማኝ ሆነች። ስዊድን በራሷ የዲፕሎማቲክ ቴሌግራም ውስጥ የጀርመንን መልእክት በቦነስ አይረስ በኩል አሳለፈችላት። አሜሪካም ስለ ሰላም ለመነጋገር እንዲመች ብላ የራሷን መስመር ፈቀደች። ሁለቱም በእንግሊዝ በኩል ያልፋሉ።

ጃንዋሪ 16 ቀን 1917 የጀርመን የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ዚመርማን ለሜክሲኮ የሚሆን ቴሌግራም ላከ። ከአሜሪካ ጋር ጦርነት ቢነሳ ከእኛ ጋር ቁሙ፣ ቴክሳስን፣ ኒው ሜክሲኮንና አሪዞናን መልሳችሁ ትይዛላችሁ የሚል። የላከው በማን መስመር ነው? በአሜሪካ ኤምባሲ። በርሊን፣ ኮፐንሃገን፣ ለንደን፣ ዋሽንግተን። ለንደን ውስጥ "ክፍል 40" የሚባሉት ኮድ ፈቺዎች ያዙት። አሜሪካን ለመውጋት የታቀደ ሐሳብ በአሜሪካ ሽቦ፣ በእንግሊዝ ጆሮ በኩል! ማርች 1 ጋዜጦች ላይ ወጣ፣ ዚመርማን ከሁለት ቀን በኋላ "አዎ የእኔ ነው" አለ፣ ኤፕሪል 6 አሜሪካ ጦርነት አወጀች። የራሳችሁ ሽቦ ከሌላችሁና ጉዳዩ የሞት ሽረት ከሆነ ቦርሳው ይሻላል። ሦስት ሳምንት ይፍጅ።

ራዲዮ

ገመድ አያስፈልገውም፣ ማንም አይቆርጠውም። ጀርመኖች በርሊን አጠገብ ናውን ላይ ትልቅ ጣቢያ ነበራቸው፣ ኒውዮርክ አካባቢ ሴይቪል ላይ ደግሞ ተቀባይ። ግን አየር ላይ የተለቀቀ ነገር ለሁሉም ነው፣ ሴይቪልንም የአሜሪካ ባሕር ኃይል ሳንሱር አደረገው። በ1936 ማይጨው ላይም አፄ ኃይለ ሥላሴ ለእቴጌ መነን በራዲዮ የላኩትን መልእክት ጣሊያኖች ጠልፈው አንብበውታል። ሌላ ምንም ከሌላችሁ ብቻ፣ ያውም በጠንካራ ኮድ።

ኮድ ከመረጣችሁ በኋላ

የኮድ መጽሐፉ የምትልኩለት ሰው ሁሉ ጋ መኖር አለበት፣ ተመሳሳዩ፣ አዲሱ። ቀላል ይመስላል። ዚመርማን ለዋሽንግተን የላከው 0075 በሚባል በአዲስ ኮድ ነበር፤ መጽሐፉ ከጥቂት ወራት በፊት "ዶይችላንድ" በምትባል ሰርጓጅ መርከብ አሜሪካ ገብቷል። ሜክሲኮ ያለው ለጋሲዮን ግን አልነበረውም። ስለዚህ በዋሽንግተን ያለው የጀርመን አምባሳደር በርንስቶርፍ ያንኑ መልእክት በአሮጌው 13040 እንደገና ጽፎ በተራ የዌስተርን ዩኒየን መስመር ወደ ሜክሲኮ ሲቲ ላከው። አሮጌውን እንግሊዞች በደንብ ያውቁታል። ሜክሲኮ ቴሌግራፍ ቤት ውስጥ ጉቦ ከፍለው ግልባጩን አወጡ። ይህ ሁለት ጊዜ ጠቀማቸው፤ በአዲሱ ኮድ ሊፈቱት ያልቻሉትን ክፍል ሞሉበት፣ ደግሞም ወሬው ከሜክሲኮ የወጣ አስመስለው የአሜሪካን ሽቦ እንደሚያዳምጡ ደበቁ። አንዱ ኤምባሲያችሁ አዲሱን መጽሐፍ እስኪቀበል ድረስ ለእሱ የሚሆነውን ነገር ለማንም በአዲሱ አትላኩ፣ ምክንያቱም አንዱ ሰው በአሮጌው ይደግመዋል።

ቴሌግራሙን በኋላ ለፓርላማ ወይም ለጋዜጣ የምታወጡት ከሆነም ቃል በቃል አታውጡት። እንግሊዞች ኮድ የነበረውን ቴሌግራም ለሌላ ከመስጠታቸው በፊት ዓረፍተ ነገሩን አገለባብጠው፣ ቃላቱን ለውጠው፣ ሐሳቡን ብቻ ይተዉ ነበር። ፓኒዛርዲ ላይ እንዳያችሁት ግልጹንና የኮዱን ጽሑፍ ጎን ለጎን ያገኘ ሰው መጽሐፋችሁን አብሮ አገኘ ማለት ነው። ይህን ሥራ ለጸሐፊ አትተዉት፤ ኮዱን ራሱ የሚያውቅ ሰው ይሥራው፣ ቀኑንና ሰዓቱንም ከላዩ ላይ ያንሳ።